ሙቀት ቻይ ብርጭቆ ሲባል ምን ማለት ነው?

የቤተ ሙከራ ዕቃ ላይ «ሙቀት ቻይ» የሚለው ጽሑፍ ሲታይ፣ ብዙዎች ዕቃው ከእሳት ወርዶ ቀዝቃዛ ውኃ ቢነካውም ከቶ አይሰነጠቅም ብለው ስለሚረዱት፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል።

ብርጭቆን የሚሰነጥቀው ሙቀቱ ራሱ ሳይሆን፣ አንዱ ክፍል ሞቆ ሲለጠጥ ሌላው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ባለበት መቅረቱ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው መጓተት ከብርጭቆው ጥንካሬ ሲበልጥ ስንጥቅ ይጀምራል። ሙቀት ቻይ የሚባለው የቤተ ሙከራ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሾት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቦሮን ኦክሳይድ የተባለ ውሕድ ጨምሮ ካዘጋጀው ቦሮሲሊኬት ብርጭቆ ነው። የዚህ ብርጭቆ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ሲሞቅ የሚለጠጠው በጥቂቱ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ተራ የመስኮት ብርጭቆ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምር 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲረዝም፣ ቦሮሲሊኬቱ የሚረዝመው 0.33 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መጓተቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

እስከዚህ ያለው እርግጠኛ ነው። የሚለያየው፣ አንድ ዕቃ በድንገት የስንት ዲግሪ ልዩነት ይችላል የሚለው ነው፤ ይህም በግድግዳው ውፍረት፣ በቅርጹና ላዩ ላይ ባለው ጭረት ይወሰናል። ወፍራሙ ይሻላል የሚለው ግምት በተለይ ያሳስታል፤ ወፍራም ግድግዳ ውስጡና ውጩ እኩል እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳልና። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት ያለበትን ዕቃ እኔ በፍጹም ወደ ማሞቂያ አላቀርብም፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያች ቀጭን መስመር ነው። ትኩስ ዕቃም በእርጥብ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በደረቅ እንጨት ላይ ይቀመጥ።