እልኸኛ የልጆች ኪንታሮትና የሚቀባው መድኃኒት በወሎ

የቆዳ ኪንታሮት ሂውማን ፓፒሎማ በተባለ ቫይረስ ምክንያት በልጆች ጣት፣ መዳፍ፣ ጉልበትና ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ሸካራ እባጭ ነው። መቀመጫ ላይ ከሚወጣውና ከደም ሥር ማበጥ ከሚመጣው ሕመም ጋር ዝምድና የለውም። ከ200 በላይ ከሚሆኑት የቫይረሱ ዓይነቶች መካከል በእጅ ላይ በብዛት የሚታዩት 2፣ 4፣ 27 እና 57 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ናቸው። ውስጥ እግር ላይ ጠልቆ የሚያመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጥር 1 ነው።

ማታ ደጅ ተቀምጦ ኮከብ የሚቆጥር ልጅ «ኪንታሮት ያወጣብሃል» ተብሎ መገሠጹ የቆየ ነገር ነው። ቫይረሱ የሚገባው ግን በተጫረ ወይም ውኃ ባራሰው ቆዳ በኩል ነው። ባዶ እግር መሄድ፣ እግርን በላብ የሚያርስ የኮንጎ ጫማ፣ ጥፍር መንከስ፣ የወጣውን እባጭ መጎርጎር መንገድ ይከፍቱለታል። ከገባም በኋላ እባጩ እስኪታይ ወራት ሊያልፉ ስለሚችሉ ከማን እንደተያዘ መፈለግ ትርፍ የለውም።

የዚህን በሽታ ሕክምና ለመረዳት አስቀድሞ አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል፤ ኪንታሮት ካወጡ ሦስት ልጆች የሁለቱ ያህሉ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይድናሉ። ሰውነት ቫይረሱን ዘግይቶም ቢሆን ያውቀዋል። ስለዚህ ምስጋናውን የሚወስደው ብዙ ጊዜ ኪንታሮቱ ሊረግፍ ሲል የተደረገው የመጨረሻው ነገር ነው። በደጋው የቁልቋል ወተት፣ በቆላው ጦቢያው የተባለው ተክል ወተት ስማቸውን ያተረፉት በከፊል በዚህ ነው። ሁለቱም በእርግጥ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ችግሩ ምን ያህል እንደሚያቃጥሉ የሚለካ አለመኖሩ ነው። የቁልቋል ወተት የነካው ጣት ዓይን ካሸ የዓይንን ብሌን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ልጅ ደግሞ ዓይኑን ያሻል። በፈረስ ጭራ የእባጩን አንገት አንቆ ማሰር እንደ ግንድ ለቆመ እባጭ ይሠራ ይሆናል፤ ጠፍጣፋውንና ወደ ውስጥ የገባውን ግን አይነካውም። ምላጭ ከሁሉም የከፋ ነው፤ መቁረጡ ቫይረሱን ወደ ጎረቤት ቆዳ ያደርሳል፣ ጠባሳውም ዕድሜ ልክ ይኖራል። በራሱ ሊጠፋ ለሚችል ነገር ልጅን ጠባሳ ማሸከም ተገቢ አይመስለኝም።

ሐኪሞች አስቀድመው የሚያዝዙት የሚቀባ መድኃኒት ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። የደደረውን ቆዳ ያያያዘውን ነገር እያላላ ንብርብሩን ቀስ በቀስ ይልጣል፤ የሚፈጥረው መጠነኛ መቆጣትም የሰውነትን መከላከያ ወደ ቦታው ይጠራል ተብሎ ይታመናል። ለእጅ ከ15 እስከ 20 ከመቶ የሆነው ይበቃል፤ ለውስጥ እግር ወፍራም ቆዳ እስከ 40 ከመቶ የሚደርስ ቅባት ወይም ልጥፍ አለ። እዚህ ላይ በየመድኃኒት ቤቱ የሚፈጠር ስሕተት መነሣት አለበት። ለጭርት የሚሸጠው የዊትፊልድ ቅባት ሳሊሲሊክ አሲድ ስላለበት ብቻ ለኪንታሮት የሚሰጥ ከሆነ ልፋት ነው፤ በውስጡ ያለው 3 ከመቶ ብቻ ነውና። ለማሳከክ የሚገዛው ቤታሜታዞን የተባለ የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ኪንታሮቱን ሊያስፋፋው ይችላል።

አቀባቡ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ይወስናል። ማታ ቦታው ለብ ባለ ውኃ አምስት ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ የነጣው የላይኛው ቆዳ ለዚሁ ብቻ በተለየ ሞረድ ወይም ተረከዝ በሚፈገፈግበት ሸካራ ድንጋይ ይነሣል። ድንጋዩ ለሌላ የቤተሰብ አባል እግር አይውልም። ከደረቀ በኋላ በዙሪያው ያለው ጤናማ ቆዳ ቫዝሊን ይቀባና መድኃኒቱ እባጩ ላይ ብቻ ይደረጋል። ብዙ ሰው የሚዘለው መሞረዱን ነው፤ ሳይሞረድ የተቀባ መድኃኒት የሞተውን ቆዳ ሲልጥ ከርሞ ቫይረሱ ወዳለበት ሳይደርስ ይቀራል። ቦታው ቢቆስል ወይም ቢደማ ለጥቂት ቀናት አቋርጦ መቀጠል ነው። ፈሳሹ መድኃኒት በቀላሉ በእሳት ስለሚያያዝ ከሰል ምድጃ አጠገብ አይከፈትም። ፊት፣ ብልትና የተቆጣ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ የስኳር ሕመም ላለበት ልጅና ለጨቅላ ያለ ሐኪም አይሰጥም፤ በሰፊው ከተቀባ ወደ ደም ገብቶ ሊመርዝ ይችላልና።

ይህ ሁሉ እስከ 12 ሳምንት በየቀኑ ይደረጋል። እናቶች በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ሲጥሉት አልፈርድባቸውም፤ ለውጡ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ሆኖም እልኸኛ ከተባለው ኪንታሮት ብዙው በወጉ ሳይታከም የቀረ ነው። መድኃኒቱ ተአምር እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት 85 ጥናቶችን ሲመረምር ሳሊሲሊክ አሲድ መድኃኒት ከሌለበት ቅባት የተሻለ፣ ነገር ግን መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አገኘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በብሪታንያ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 240 ሰዎች የውስጥ እግር ኪንታሮት ላይ ሁለት ሕክምናዎችን ሲያነጻጽር፣ 50 ከመቶ ሳሊሲሊክ አሲድም ሆነ ኪንታሮቱን በፈሳሽ ናይትሮጂን ማቀዝቀዝ በ12 ሳምንት ያዳኑት 14 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነበር።

ይህ እኩልነት ለወሎ ቤተሰብ ትልቅ ዜና ነው። ፈሳሽ ናይትሮጂን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ፣ ከማስቀመጫው እየተነነ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ላሞችን በሰው ሠራሽ መንገድ ለማዳቀል የሚውለው ዘር የሚቀመጠውም በዚሁ ነው። ልጁንም ያማል፣ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ መመላለስም ይጠይቃል። ከወግዲ ወይም ከመቄት ልጅ ይዞ ደሴ መመላለስ የመኪና ሒሳብና የሥራ ቀን ነው። ቤት የሚቀባው መድኃኒት ያንን ጉዞ ወደ አንድ ወይም ሁለት ያወርደዋል። ለቆዳ ሕመም በሰሜን ምሥራቅ ስሙ የታወቀው ከደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሲሆን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም የቆየ ነው።

ሁለት ዓመት የቆየ ወይም በወጉ ታክሞ ያልተመለሰ ኪንታሮት የቆዳ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሐኪሙ 5-ፍሎሮዩራሲል ወይም ኢሚኪሞድ የተባሉ ቅባቶችን፣ ፊት ላይ ለወጣው ጠፍጣፋ ዓይነት ትሬቲኖይን ሊያዝ ይችላል። ሲዶፎቪር የተባለውን የፀረ ቫይረስ መድኃኒት በቅባት መልክ አስቀምመው የሚሰጡ ሐኪሞች በሌሎች አገሮች አሉ፤ ውድ ነው፣ የመጨረሻ አማራጭም ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሚገኘው መልስ ኪንታሮቱ ኪንታሮት አለመሆኑ ነው። ጫማ ያደደረው ቆዳ ላይ የቆዳው መስመሮች ሳይቋረጡ ያልፋሉ፤ ኪንታሮት ያቋርጣቸዋል፣ ሲሞረድም የደረቁ የደም ሥሮች ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። በድንገት በመላ ሰውነት የበዛ ኪንታሮት የሰውነትን መከላከያ መመርመር፣ የኤች አይ ቪ ምርመራንም ጨምሮ፣ ይጠይቃል። ብልት ላይ የወጣ ደግሞ በቤት አይነካም፤ ሐኪም በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል።

ልጁ በሕክምናው ጊዜ ከትምህርት ቤት አይቀርም። እባጩን በፕላስተር ሸፍኖ መሄድ ይችላል፤ ፎጣና ጫማ ግን ከእኅት ወንድሞቹ ጋር አይዋዋስም።