ዳዊት ከጦሩ ፊት ዞር አለ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እንደምን ሰነበታችሁ ወንድም እህቶቼ።

ኮምቦልቻ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት እህታችን ሰሞኑን አንድ ነገር ጠይቃኝ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ከሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው አለ፣ ሲጠጣ በሯን በእርግጫ ይመታል፣ ደረጃው ላይ ቆሞ አላሳልፍም ይላታል፣ አንዴ ቢላ አሳይቷታል። ባሏ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ሳምንት ሙሉ ቤት የማይገባበት ግዜ አለ። ለማህበር እህቶቿ ብትነግራቸው ምን አሏት መሰላችሁ፣ "ፀልዪለት እንጂ ለፖሊስ እንዳትናገሪ፣ ክርስቲያን አይደለሽ እንዴ፣ ሌላውን ጉንጭሽን ስጪው"። እሷም እውነት መስሏት አራት ወር ዝም አለች። ይሄን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ፣ ምክንያቱም እኔም እዚህ ደሴ ላይ በዚሁ አልፌያለሁ፣ እኔንም እንደዛው ብለውኛል።

የኛ ቤት የቀበሌ ቤት ነው። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ለተከራይ ከተከፋፈሉት አንዱ፣ አንድ ትልቅ ቤት ተሸንሽኖ አራት አባወራ የሚኖርበት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ የጋራ፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ከግድግዳው ወዲያ "ይማርህ" የሚልበት። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ ቆጣሪው አንድ። እንዲህ ያለ ግቢ ጎረቤት ደግ ሲሆን የሚሰጠውን ደስታ ወሎ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ቡናው በተራ ነው፣ ከጎናችን ያሉት ሙስሊም እናታችን (ሁላችንም እማ ነው የምንላቸው) ለኛ ፋሲካ ከኛ ቀድመው ቄጠማ የሚገዙ ሰው ናቸው። ጎረቤት ሲከፋ ግን የት ይሸሻል? "ለምን አትለቁም" የሚለን ሰው ነበር፣ የግለሰብ ቤት ኪራይ በኛ ደሞዝ አይሞከርም፣ ያን የሚለው የቀበሌ ቤት ኖሮ የማያውቅ ሰው ነው።

ከአራታችን ሌላ ከጫፍ ያለው ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። በፊት ዝምተኛ ነበር፣ ሰላምታም ይሰጣል። ኋላ ሌሊት ሌሊት ቆርቆሮውን በዱላ መደብደብ ጀመረ፣ የቧንቧውን ቁልፍ ይዞ ይጠፋል፣ ቆጣሪውን ያጠፋል፣ የታጠበ ልብስ ከገመድ አውርዶ ጭቃ ላይ ይረግጣል። ልጄን "አንገትሽን ነው የምቆርጠው" አላት። የዘጠኝ አመት ልጅ ናት፣ ከዛ ቀን በኋላ ሽንት ቤት መሄድ ፈርታ ማታ ማታ በፖፖ መጠቀም ጀመረች። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው አንድ እርምጃ ወዲያ ያለ ሰው አይታይም፣ ከዛ ጉም ውስጥ መጥረቢያ ይዞ ብቅ ሲል ያለውን ድንጋጤ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ክፉ ጎረቤት እቃ ያስገዛል ይባል የለ፣ እኔ ያኔ የገዛሁት ሁለት ትልልቅ የበር ቁልፍ ነው።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። መዝሙረ ዳዊት እደግም ነበር፣ ግን እየደገምኩ ያን ሰው እንዲሞት ነበር የምለምነው፣ እውነቴን ነው። አፌ ላይ የእግዚአብሔር ቃል፣ ልቤ ውስጥ የሬሳ ሳጥን። ለንስሐ አባቴ ስናገር አልተቆጡኝም፣ "የማክሰኞውን ስታደርሺ 58ኛው ላይ ቆም በይና ርዕሱን አንብቢው" ብቻ አሉኝ። እንደምታውቁት የሰኞ ከ1 እስከ 30 ነው፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60። 58ኛው መዝሙር ርዕሱ ላይ ንጉሡ ሳኦል ዳዊትን ሊያስገድል ቤቱን የሚጠብቁ ሰዎች በላከ ግዜ ይላል። ውስጡ ደግሞ ማታ ማታ እየተመለሱ እንደ ውሻ ከተማውን ስለሚዞሩ ሰዎች ነው የሚያወራው። ስንት አመት ያነበብኩት መዝሙር ነው፣ እኔ ግን በሩ ላይ የሚያስፈራ ሰው ቆሞበት ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፀሎት መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከዛ ታሪኩን ሄጄ ከ1ኛ ሳሙኤል አነበብኩት። ሳኦል ክፉ መንፈስ ያስጨንቀው ነበር፣ ዳዊት በገና ይደረድርለታል፣ ሳኦልም ደህና ይሆናል። ማለትም ዳዊት የታመመውን ሰው አልሸሸም፣ ባለው ሙያ አገለገለው። ግን ሳኦል ጦሩን ሲወረውር ዳዊት ምን አደረገ? "እግዚአብሔር ይጠብቀኛል" ብሎ ደረቱን ገልጦ ቆመ እንዴ? ዞር አለ። ሁለት ግዜ ዞር አለ ይላል ምዕራፍ 18። ምዕራፍ 19 ላይ ጦሩ ግድግዳው ላይ ሲተከል ደግሞ በዛው ሌሊት አመለጠ፣ ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አወረደችው። በእግዚአብሔር የተቀባው፣ ጎልያድን የጣለው ሰው በመስኮት ወረደ! ማንም እምነት የለሽ አላለውም።

ኋላ ዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ሳኦልን አገኘው፣ መግደል ሲችል የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፣ ለዛች ቁራጭ እንኳን ልቡ መታው። ይቅርታ ማለት ይሄ ነው። ሳኦልም ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፣ "አንተ ከእኔ ይልቅ ጻድቅ ነህ" አለው። እዚህ ጋ ነው ሁላችንም የምናልፈው ነገር ያለው፣ ምዕራፍ 24 መጨረሻውን እዩት፣ ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፣ ዳዊትና ሰዎቹ ግን ወደ አምባው ወጡ ይላል። ይቅር ብሎታል፣ አልቅሰው ተለያይተዋል፣ ግን አብሮት ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሰም። ጠላቱንም አልጠላም፣ ጦሩ ወደሚደርስበትም አልቀረበም።

ስለ ጉንጩም ልንገርሽ እህቴ። ያን ቃል የተናገረው ጌታችን ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ "መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ" ብሎ ጠይቋል፣ ዮሐንስ 18 ላይ ነው። ሌላ ጉንጭ ስጥ ማለት በቀልን ተው ማለት እንጂ ግፍን ግፍ አትበል ማለት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ከአርባ የሚበዙ ሰዎች ሊገድሉት መማማላቸውን የእህቱ ልጅ መጥቶ ሲነግረው ልጁን ወደ ሮማው ሻለቃ ነው የላከው፣ ሻለቃውም በዛው ሌሊት በወታደርና በፈረሰኛ አስጠብቆ ከከተማ አስወጣው። ጳውሎስ ያን ቀን አልፀለየም የሚል አለ? ፀልዮ ነው መልእክት የላከው።

"ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" የሚለውም ላይ አንድ ነገር አለኝ። በኛ አነጋገር ባልንጀራ ማለት ጓደኛ ስለሆነ "እሱ ጎረቤቴ እንጂ ባልንጀራዬ አይደለም" ብለን የምናመልጥ አለን፣ እኔ እንደዛ ነበር ያደረኩት። ጌታ ግን ባልንጀራዬ ማነው ለሚለው ጥያቄ የመለሰው በሳምራዊው ታሪክ ነው፣ መንገድ ላይ ባገኘው ሰው። የሚያስፈራኝ ሰው ከዛ ውጪ የሚሆንበት መንገድ አጥቼለታለሁ።

ታዲያ ምን አደረግን። ብቻችንን መፍራት አቆምን። መጀመሪያ እማ ናቸው "ተሰብሰቡ" ያሉት፣ ቡና አፍልተው አራታችንንም አባወራ አስቀመጡን፣ ዱዓ አደረጉ፣ እኛም አባታችን ሆይ ደገምን። የቅሬው (የእድራችን) ዳኛና ሽማግሌዎች ገብተው አናገሩት፣ አንዳንድ ቀን ሰማቸው አንዳንድ ቀን በድንጋይ አባረራቸው። ባለቤቴ በደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል፣ ማን እንዳየ እየፃፈ ያስቀምጥ ነበር። መጀመሪያ የሄድንበት ቢሮ "ጎረቤት ናችሁ ተስማሙ" ብሎ መለሰን፣ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ሁለተኛ ግዜ ግን አራታችንም ቤት ደብተሩን ይዘን አንድ ላይ ሄድን፣ ያኔ የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊሱ ግቢ ድረስ መጣ። ሰውን እገልሃለሁ ብሎ ማስፈራራት በወንጀል ሕጋችን ወንጀል ነው፣ ድርጊቱ እስኪፈፀም መጠበቅ የለባችሁም።

ሽማግሌዎቹ ገጠር ያለች እህቱን ፈልገው ሲያመጧት ነው ነገሩ የተገለጠልን። ጥቅምት 2014 ከተማችን በጦርነት ስትያዝ እኛ ወጥተን ነበር፣ እሱ ግን እዚሁ ግቢ ብቻውን ቀርቷል። ምን እንዳየ እስካሁን ለማንም አልተናገረም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ተመልሰን ገባን፣ በር ተሰበረብን፣ ቲቪ ተወሰደብን እያልን ስንነጋገር እሱን አንድም ሰው እንዴት ነህ ብሎ አልጠየቀውም። እኔም አልጠየኩትም። ይሄንን ስናገር አሁንም እንባዬ ይመጣል።

እህቱ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ወሰደችው፣ ጠበልም ይጠመቃል። "መድኃኒቱን ተወውና ጠበሉን ብቻ" ያሉ ነበሩ፣ የንስሐ አባቴ ግን ሲራክ ምዕራፍ 38ን ጠቅሰው መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብለው ዝም አሰኟቸው። (የሚያስፈራ ሁሉ ታማሚ ነው አላልኩም ደግሞ፣ የአእምሮ ህመም ያለበት ብዙው ሰውም ማንንም አይነካም። ያንቺው ሰውዬ መጠጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።)

ከተመለሰ ስድስት ወር ሆነው። ቆርቆሮ አይመታም። ባለፈው ጠዋት ቧንቧው ጋ ጀሪካኔን ስሞላ "እንደምን አደርሽ" አለኝ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ" አልኩት፣ ለፆም መያዣ እንጀራም በእህቱ በኩል ልኬለታለሁ። ሁለቱን ቁልፍ ግን ከበሩ አልነቀልኩም፣ ልጄንም ወደ እሱ በር ብቻዋን አልካትም።

እና እህቴ፣ ቢላ ያሳየሽን ነገ ጠዋት ሂጂና አስመዝግቢ፣ ከስር ያሉትን ጎረቤቶችሽን ይዘሽ ሂጂ። ባልሽ እስኪመለስ ደረጃውን ማታ ብቻሽን አትውጪ፣ የእህትሽ ቤት እደሪ። ማክሰኞ ሲደርስ 58ኛውን አብረን እናድርስ፣ እኔ ከዚህ አንቺ ከዛ፣ የሰውየውን ስም ታውቂው ከሆነ ንገሪኝና እሱንም እንጥራው።