ራኒንግ ስታርት፦ በዋሽንግተን ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ኮሌጅ የሚገቡበት መንገድ

ራኒንግ ስታርት በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በምትገኘው በዋሽንግተን ግዛት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ሳይሰናበቱ ኮሌጅ ገብተው እንዲማሩ፣ ያለፉት ትምህርትም በሁለቱም ተቋማት እንዲቆጠርላቸው የሚያደርግ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1990 ባወጣው ሕግ የተመሠረተ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬ በ34ቱ የሕዝብ ኮሚዩኒቲና ቴክኒክ ኮሌጆች፣ እንዲሁም ሴንትራል ዋሽንግተንንና ኢስተርን ዋሽንግተንን በመሳሰሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራበታል። በሲያትልና ከእርሷ በስተደቡብ ባሉት የኪንግ ካውንቲ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች ሲያትል ሴንትራል፣ ሳውዝ ሲያትል፣ ሃይላይንና ግሪን ሪቨር ኮሌጆች በአቅራቢያቸው ስለሚገኙ የፕሮግራሙን ስም ሳይሰሙ አይቀሩም። አሠራሩን በዝርዝር ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዕድሉ የሚያመልጠውም ብዙውን ጊዜ ልጁ አቅም ስለሚያንሰው ሳይሆን የጊዜ ገደብ በማለፉ ወይም አንድ ቅጽ ሳይፈረም በመቅረቱ ነው።

አንድን ትምህርት በሁለት ቦታ የመቁጠር ሐሳብ ከዋሽንግተን ይቀድማል። ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ኮርሶች በአካባቢው ሃይስኩሎች፣ በሃይስኩሎቹ መምህራን አማካይነት መስጠት የጀመረ ሲሆን፣ በ1974 በኒው ዮርክ ከተማ በላጓርዲያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሥር ሚድል ኮሌጅ ሃይስኩል ተከፈተ። ለመላው የግዛቷ ተማሪዎች በሕግ በሩን በመክፈት ግን ሚኒሶታ በ1985 ቀዳሚ ሆነች። በ2022–23 የትምህርት ዘመን በመላው አሜሪካ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የሃይስኩል ተማሪዎች በልዩ ልዩ መልክ የኮሌጅ ትምህርት ይከታተሉ ነበር። ደንቡ ግን ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ በሜሪላንድ፣ በቴክሳስ ወይም በካሊፎርኒያ ያለ ዘመድ የነገረን ነገር በሲያትል ላይሠራ ይችላል። ከዚህ በታች የቀረበው የዋሽንግተን አሠራር ነው።

ገንዘቡ የሚንቀሳቀስበት መንገድ የፕሮግራሙን ጠባይ በደንብ ያስረዳል። ግዛቲቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለትምህርት ዲስትሪክቱ (ለአካባቢው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) በጀት ትመድባለች፤ ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ ዲስትሪክቱ ኮሌጅ ለሚማርበት ጊዜ ከሚታሰበው ገንዘብ 7 በመቶውን አስቀርቶ 93 በመቶውን ለኮሌጁ ያስተላልፋል። ተማሪው የትምህርት ክፍያ የማይጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ነጻነቱ ግን ወሰን አለው። በአንድ ኳርተር (የኮሌጁ ዓመት በሚከፈልበት፣ ወደ ሦስት ወር በሚጠጋ የትምህርት ወቅት) ከ15 የኮሌጅ ክሬዲት በላይ የተወሰደ ትምህርት በራስ ወጪ ይከፈላል፤ የኮርስ መለያ ቁጥራቸው ከ100 በታች የሆኑ የማጠናከሪያ ኮርሶችም አይሸፈኑም። ሃይስኩሉና ኮሌጁ ተደምረው የሚይዙት ጭነትም ጣሪያ የተበጀለት ሲሆን፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ጭነት 1.0 ተብሎ ሲታሰብ ጣሪያው በ2023 ከ1.2 ወደ 1.4 ከፍ ብሏል። ስለዚህ በኮሌጅ ሙሉ 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ በሃይስኩሉ ጥቂት ክፍሎችን ጨምሮ መከታተል ይችላል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ 10ኛ ክፍልን የጨረሱ ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት ወቅት እስከ 10 ክሬዲት እንዲወስዱም ፈቅዷል።

የክሬዲቱ ስሌት ቀላል ነው። 5 የኮሌጅ ኳርተር ክሬዲት በሃይስኩል እንደ 1 ሙሉ ክሬዲት ይቆጠራል። ይህ ማለት በሃይስኩል አንድ ዓመት የሚፈጀው የእንግሊዝኛ ትምህርት በኮሌጅ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል ማለት ነው። በሃይስኩል ለመመረቅ 24 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ለሁለት ዓመቱ የአሶሼት ዲግሪ ደግሞ 90 የኮሌጅ ክሬዲት። በሁለት ዓመት ውስጥ ባሉት ስድስት ኳርተሮች 15፣ 15 ክሬዲት የጨረሰ ተማሪ 90 ይሞላለታል፤ የሃይስኩል ዲፕሎማውንና የአሶሼት ዲግሪውን በአንድ ሰኔ የሚቀበሉ ልጆች የሚገኙትም በዚህ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ተማሪ እስከዚያ መሄድ አይጠበቅበትም። በኳርተር አንድ ኮርስ ብቻ ወስዶ ቀሪውን በሃይስኩሉ መማር የተለመደና ብዙ ጊዜም የተሻለ አጀማመር ነው።

ምዝገባው የሚጀመረው በ10ኛ ክፍል ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ቢሆን ይመረጣል። ሃይስኩሎች ስለ ፕሮግራሙ ለተማሪዎችና ለወላጆች የማሳወቅ የሕግ ግዴታ ስላለባቸው አብዛኞቹ በዚህ ወቅት የመረጃ ምሽት ያዘጋጃሉ። ተማሪው በመጀመሪያ ለመረጠው ኮሌጅ በኢንተርኔት ያመለክትና የተማሪ መለያ ቁጥር ያገኛል። ከዚያም ለኮሌጅ ደረጃ እንግሊዝኛና ሒሳብ ብቁ መሆኑን ያሳያል። ኮሌጆቹ ይህን የሚያረጋግጡበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዶቹ አኩፕሌሰር የተባለውን ፈተና ይሰጣሉ፣ ሌሎቹ የሃይስኩል ትራንስክሪፕትን ወይም በ10ኛ ክፍል የሚወሰደውን የግዛቲቱን ፈተና ውጤት ይቀበላሉ፣ ተማሪው በመጠይቅ ተመርቶ ደረጃውን ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርጉም አሉ። ፈተናው የሚያስፈራው ልጅ የትራንስክሪፕቱ አማራጭ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ኮሌጁን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

የሚቀጥለው እርምጃ የምዝገባው ሁሉ ቁልፍ ነው። የራኒንግ ስታርት የምዝገባ ማረጋገጫ ቅጽ የሚባለውን ሰነድ ተማሪው፣ የሃይስኩሉ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ)፣ ተማሪው ከ18 ዓመት በታች ከሆነም ወላጁ ይፈርሙበታል። ካውንስለሩ በቅጹ ላይ የሚሞላው ተማሪው በሃይስኩል የያዘውን ጭነትና በኮሌጅ በነጻ ሊወስድ የሚችለውን የክሬዲት ብዛት ነው። ይህን ወላጆች በሚገባ እንዲረዱት እፈልጋለሁ፤ የካውንስለሩ ፊርማ ማረጋገጫ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ብቁ የሆነ ተማሪ በፕሮግራሙ የመሳተፍ መብቱ የመጣው ከሕግ ነው፤ ካውንስለሩ ምክር ሊሰጥ፣ ሥጋቱንም ሊገልጽ ይችላል፣ ውሳኔው ግን የተማሪውና የቤተሰቡ ነው። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅም ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ በ1964 ከወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ ግዴታ ስለሆነ ልጁን ለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ አያስፈልግም። ቅጹ ለሚቀጥለው ጊዜ በራሱ አይታደስም፤ በየኳርተሩ፣ የሃይስኩሉ ጭነት በተለወጠ ቁጥርም እንደገና ሊሞላ ይገባዋል። ቅጹን ያላስረከበ ተማሪ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እየተማረ የክፍያ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል።

በግል ትምህርት ቤት ወይም በቤት ውስጥ የሚማሩ ልጆችም በሩ አልተዘጋባቸውም። በሚኖሩበት አካባቢ ባለው የሕዝብ ሃይስኩል ለዚሁ ፕሮግራም ብቻ በከፊል ተመዝግበው መግባት ይችላሉ። የአሜሪካ ዜግነትም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ለመሳተፍ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

የትምህርት ክፍያው ነጻ ቢሆንም ቀሪው ወጪ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። መጻሕፍት፣ የላቦራቶሪና የኮሌጅ አገልግሎት ክፍያዎች፣ መጓጓዣ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። የፌዴራል መንግሥቱ የፔል እርዳታ የሃይስኩል ትምህርታቸውን ላልጨረሱ ተማሪዎች በመደበኛው አሠራር ስለማይሰጥ ከዚያ የሚጠበቅ ነገር የለም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች ግን ኮሌጆቹ የግዴታ ክፍያዎችን ይሰርዛሉ፤ በሃይስኩል በነጻ ወይም በቅናሽ ዋጋ ምሳ የማግኘት መብት ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ልጁ ምሳውን ከቤት ቢወስድም እንኳ የምሳውን ቅጽ መሙላት ዋጋ አለው። ብዙ ኮሌጆች መጽሐፍ ያውሳሉ፤ ለዚህ ማመልከት የሚገባው ኳርተሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከመስከረም 2022 ጀምሮ 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ወጣቶች በአውቶቡስና በባቡር በነጻ መጓዝ ስለሚችሉ የመጓጓዣው ጭንቀት ቀልሏል።

ከገንዘቡ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የውጤቱ ዘላቂነት ነው። በኮሌጅ የተገኘው ውጤት በሃይስኩሉም በኮሌጁም ትራንስክሪፕት ላይ ይሰፍራል፤ ተማሪው ከዓመታት በኋላ ለሕክምና ወይም ለሕግ ትምህርት ሲያመለክትም ይጠየቅበታል። በ16 ዓመት የተመዘገበ ኤፍ ወይም ተደጋጋሚ ኮርስ ማቋረጥ በኋላ የሚገኘውን የገንዘብ እርዳታ ሊያሰናክል ይችላል፣ ምክንያቱም እርዳታው የሚቀጥለው ተማሪው በቂ የትምህርት እድገት ማሳየቱ ሲረጋገጥ ነው። ኳርተር ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሳምንት ብቻ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ወደኋላ የቀረ ልጅ እስከ ፈተና ለማገገም ይቸገራል። በማይመች ኮርስ የገባ ተማሪ ውጤት ሳይመዘገብበት የሚወጣበትን የመጨረሻ ቀን ከኮሌጁ የጊዜ ሰሌዳ ፈልጎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊያውቀው ይገባል።

የወላጁም ቦታ ይለወጣል። በ1974 በወጣው የፌዴራል የትምህርት መዛግብት ሕግ መሠረት ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ፣ ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን፣ በኮሌጅ መዝገቡ ላይ ያለው መብት ወደ ራሱ ይተላለፋል። ኮሌጁ ለወላጅ የውጤት ካርድ አይልክም፣ መምህሩም ስለ ልጁ በስልክ አያወራም፤ የወላጅና የመምህር ስብሰባ የሚባል ነገርም የለም። በኢትዮጵያ ያደገ ወላጅ የኮሌጅ መግቢያን የሚያውቀው ከ12ኛ ክፍል በኋላ በሚሰጥ ብሔራዊ ፈተናና በሚኒስቴሩ ምደባ ነው፤ እዚህ ግን የ16 ዓመቱ ልጅ ኮርሱን ራሱ ይመርጣል፣ መምህሩን በኢሜይል ራሱ ያነጋግራል። የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ያለበት ተማሪም በሃይስኩል የሚያገኘው ድጋፍ ተከትሎት አይሄድም፤ ወደ ኮሌጁ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ሄዶ ራሱ መጠየቅ አለበት።

ኮርስ ሲመረጥ ሁለት ጥያቄዎች አብረው መነሣት አለባቸው፦ ይህ ኮርስ የትኛውን የሃይስኩል መመረቂያ መስፈርት ያሟላል? ወደፊት የምገባበት ዩኒቨርሲቲስ ይቀበለዋል ወይ? በግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ክሬዲቱ በሰፊው ተቀባይነት አለው፤ ለዝውውር የተዘጋጀው የ90 ክሬዲት አሶሼት ዲግሪም የጠቅላላ ትምህርት መስፈርታቸውን ያሟላል። ከግዛቲቱ ውጭ ያሉና የግል ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለሃይስኩል መመረቂያ የዋለን ክሬዲት የማይቀበሉበት ጊዜ አለ። ምሕንድስና፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ነርሲንግ የሚያስብ ተማሪ ደግሞ 90 ክሬዲት ስለሞላ ብቻ ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም፤ የካልኩለስና የኬሚስትሪ ተከታታይ ኮርሶች ካልተወሰዱ ዲግሪው በእጅ እያለ ሁለት ዓመት ወደኋላ መመለስ ይመጣል። በጥድፊያ የተሰበሰበ ክሬዲት ይህን ያህል ሊያስከፍል ስለሚችል በየኳርተሩ የኮሌጁን አካዳሚክ አማካሪ ማነጋገር ተገቢ ነው። በቀጥታ ከሃይስኩል የሚሄዱ የራኒንግ ስታርት ተማሪዎች የቱንም ያህል ክሬዲት ቢይዙ ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን የሚያመለክቱት እንደ አንደኛ ዓመት ገቢ ነው።

ወደ ኮሌጅ ግቢ መሄድ ለማይፈልግ ወይም ለማይመቸው ተማሪ ኮሌጅ ኢን ዘ ሃይስኩል የተባለው አማራጭ አለ። የኮሌጁ ኮርስ በሃይስኩሉ ክፍል ውስጥ፣ ኮሌጁ ባጸደቀው የሃይስኩል መምህር ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ክፍት ሲሆን፣ የመንግሥት ተቋማት ያስከፍሉት የነበረው ክፍያ በ2023 በሕግ ቀርቷል። ልጁ ከጓደኞቹና ከሚያውቀው መምህር ሳይለይ የኮሌጅን ደረጃ ስለሚሞክርበት ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የሚሻል አይታየኝም። የኮሌጅ ክሬዲቱ እንዲመዘገብ ግን ተማሪው በተባለው ቀን ለኮሌጁ ራሱ መመዝገብ ይኖርበታል። በሙያ ትምህርቶች ደግሞ ዲስትሪክቶች ከኮሌጆች ጋር ባደረጉት ስምምነት መሠረት ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ክሬዲት ያገኛል።

በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል ከኢትዮጵያ ለመጡ ልጆች ነገሩ ትንሽ ይከብዳል፤ መንገድ ግን አለው። በመጀመሪያ ከአገር ቤት ያመጡት ትራንስክሪፕት ተተርጉሞ በሃይስኩሉ መገምገም አለበት፤ ክሬዲቱ ካልተቆጠረላቸው በክፍል ደረጃ ዝቅ ብለው ሊመዘገቡና የ11ኛ ክፍል ተማሪነታቸው ሊዘገይ ይችላል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማጠናከሪያ ኮርሶች ከ100 በታች በመሆናቸው ፕሮግራሙ አይከፍልላቸውም፤ ሒሳቡ ጠንካራ የሆነ ልጅ ግን የኮርሱን ቅድመ መስፈርት እስካሟላ ድረስ እንግሊዝኛውን በሃይስኩል እያጠናከረ የኮሌጅ ሒሳብ ሊጀምር ይችላል። በተጨማሪም ዋሽንግተን የውጭ ቋንቋ ችሎታን በፈተና ለሚያስመሰክሩ ተማሪዎች እስከ 4 የሃይስኩል ክሬዲት ትሰጣለች፤ አማርኛም ከሚፈተኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አማርኛ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ይህን ፈተና በ10ኛ ክፍል ቢወስድ በ24ቱ ክሬዲት ውስጥ ለቋንቋ የተመደበው ቦታ ይሞላለትና በ11ኛ ክፍል ለኮሌጅ ኮርሶች የሚውል ጊዜ ያገኛል። ለፈተናው መመዝገቢያ ቀኑንና ቦታውን የሚያስታውቀው ዲስትሪክቱ ነው።