አርቴፊሻል ሳር በጥቁር አፈር ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ቦሌ፣ ለቡ ወይም አቃቂ ግቢ ያለው ሰው ጥቁሩን አፈር በደንብ ያውቀዋል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ በክረምት ደሞ ጫማ አውልቆ የሚያስቀር ጭቃ። አሁን ሁሉም እሱ ላይ አርቴፊሻል ሳር እያነጠፈ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ያምራል ሐምሌ ሲገባ ግን ሲረገጥ ከስር ውኃ ይተፋል። ሳሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ውኃው መውጫ ስላልተሰራለት ነው። የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልበል።

«ሳሩ ቀዳዳ ስላለው ውኃውን ራሱ ያሳልፋል»

ያሳልፋል፣ አልዋሹም። ካለፈ በኋላ የት ይሂድ ነው ጥያቄው። ጥቁር አፈር አንዴ ከጠገበ በሰዓት 1 ሚሊሜትር እንኳ ለማስረግ የሚቸገርበት ጊዜ አለ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው፣ ስለዚህ 50 ካሬ ግቢ ላይ 30 ሚሊሜትር ቢወርድ 1,500 ሊትር ሆነ፣ ባለ 1,000 ሊትሯን ሮቶ አንድ ተኩል ማለት ነው፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ከሰዓት።

«ጥር ላይ ውኃ አፍስሼበት ምጥጥ ነው ያደረገው»

ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፣ በአይን የታየ ነገር ስለሆነ። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ግማሽ ሜትርና ከዛም በላይ ይወርዳል፣ ያፈሰሳችሁት ውኃ የገባው ስንጥቁ ውስጥ እንጂ አፈሩ ውስጥ አይደለም። ዝናቡ ሲደጋግም ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ አይነት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁም ይዘጋል፣ በቃ ከዛ በኋላ አያስገባም። መሞከር ከፈለጋችሁ 40 ሳንቲሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሩና ማታ ውኃ ሙሉት፣ ይደር፣ ጠዋት ድጋሚ ሙሉና እንጨት ተክላችሁ በሰዓት ስንት እንደሚወርድ ምልክት አድርጉ፣ ሁለት ሶስት ቀን ደጋግሙት። በሰዓት 1 ሳንቲሜትር እንኳ ካልቀነሰ ከመሬቱ ምንም አትጠብቁ።

«ጠጠር በደንብ ካስደፋሁ ያልቃል»

ሸክላ ውስጥ 10 ሳንቲሜትር ቆፍሮ ጠጠር መሙላት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ድንጋይ እንደመጨመር ነው፣ ውኃው በድንጋዩ መሃል ቁጭ ይላል። 02 የሚባለው የኮንክሪት ጠጠር መሃሉ 40 ከመቶ ገደማ ባዶ ነው፣ ስለዚህ 10 ሳንቲሜትር ጠጠር የሚይዘው 40 ሚሊሜትር ዝናብ ነው፣ የሐምሌ ሁለት ቀን ከባድ ዝናብ ይሞላዋል ከዛ ወደ ሳሩ ይወጣል። ጠጠሩ ያስፈልጋል፣ ግን ከስሩ የተቆፈረው መሬት ራሱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል አለበት፣ በዛ በዝቅተኛው ጎን ደሞ ቀዳዳ ያለው ትቦ ይቀበርና ወደ ውጪ ዲች (የመንገዱ ውኃ መውረጃ ቦይ) ይወጣል። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ጥቁር አፈር ላይ የሚያርስ ገበሬ መደቡን ከፍ አድርጎ በመሃል ቦይ ያወጣል፣ አፈሩ ይጠጣልኛል ብሎ አይቀመጥም። እኛ ካሬው በስንት ብር እንደተነጠፈ እያወራን ቦዩን እንረሳለን።

«ልሙጥ ሆኖ በውኃ ልክ ሲስተካከል ነው የሚያምረው»

ለሊሾ ይሁን። ለሳር በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ስሎፕ ስጡት፣ 6 ሜትር ግቢ ላይ ከ6 እስከ 12 ሳንቲሜትር ማለት ነው፣ በአይን ብዙም አይታይም። ከቤቱ ወደ ውጪ ነው የሚዘነብለው፣ ወደ ቤቱ ካዘነበለ ውኃው መሰረቱ ስር ይገባና ጥቁሩ አፈር ሲያብጥ ግድግዳና አጥር መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ያኔ የሳሩ ጉዳይ ተረሳ።

«የጣሪያው ውኃ ሌላ ጉዳይ ነው»

ኧረ ዋናው እሱ ነው! 100 ካሬ ጣሪያ በዛው 30 ሚሊሜትር ዝናብ 3,000 ሊትር ያወርዳል፣ የአሸንዳው መውረጃ ሳሩ ላይ ከፈሰሰ ምንም አይነት ጠጠር አይችለውም። እኔ ብሆን ሳር ከመግዛቴ በፊት ብሩን እዚህ ላይ ነበር የማውለው፣ መውረጃውን በባለ 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ትቦ ለብቻው ወደ ውጪ። ወደ ሴፕቲክ ታንክ ግን አታስገቡት፣ በሁለት ዝናብ ሞልቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

«ከስር ላስቲክ ማንጠፍ ጭቃም አረምም ይከለክላል»

ውኃም ይከለክላል። እዛ የሚገባው ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ነው፣ ውኃ አሳልፎ ጠጠሩና ሸክላው እንዳይደባለቁ ይለያቸዋል፣ እሱ ከሌለ በሁለት ክረምት ጠጠሩ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል።

«የትቦው ቀዳዳ ወደ ላይ ነው»

ወደ ታች ነው። ውኃው ከስር እየሞላ ነው ወደ ትቦው የሚገባው፣ ቀዳዳው ወደ ላይ ከሆነ ትቦው እስኪሰጥም ድረስ ምንም አይሰበስብም።

«አሸዋ ብንደባልቅበትስ» የሚሉም አሉ፣ ትንሽ አሸዋ ምንም አይለውጥም፣ ለውጥ የሚያመጣውን ያህል ልግዛ ካላችሁ በዛ ብር ትቦውም ጠጠሩም ይሰራል።

«ጥቁሩን አፈር በሙሉ አስወጥቼ ሰሌክት (ተመርጦ የሚመጣ መሙያ አፈር) ልሙላ»

ቤት ልትሰሩበት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ለሳር ግን ጥልቀቱ ብዙ ቦታ ከሜትር ስለሚበልጥ ሲኖትራክ ማመላለስ ትርፉ ኪሳራ ነው። 15 ሳንቲሜትር ገደማ አውጥታችሁ የታችኛውን አዘንብሉት፣ ጂኦቴክስታይል፣ ጠጠር፣ ከላይ 00 የሚባለው ደቃቅ ጠጠር ስስ ድልዳል፣ ከዛ ሳሩ።

«ክረምት ላይ ነው ችግሩ የሚታየው ስለዚህ ያኔ እናሰራው»

ማየቱን ክረምት ላይ እዩት፣ ውኃው የት እንደሚተኛ በስልክ ፎቶ አንሱት። ቁፋሮው ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሁን፣ እርጥብ ጥቁር አፈር ኮምፓክተር (መጠቅጠቂያ ማሽን) ሲነካው ይላቆጣል እንጂ አይጠቀጠቅም፣ ሰራተኛውም ግማሽ ቀኑን አካፋው ላይ የተጣበቀ ጭቃ ሲፍቅ ነው የሚውለው።