ቡና፣ አሥራት፣ ጾም፦ ስለ ሞርሞኖች የዕለት ኑሮ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

«ሞርሞን» ቅጽል ስም ነው። የእምነቱ ሙሉ ስም የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ሲሆን፣ በ2018 የወቅቱ መሪ ራስል ኔልሰን ሰዎች በዚሁ ስም እንዲጠሯቸው ጠይቀዋል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።) እዚህ ቅጽሉን የያዝነው አንባቢ የለመደው እሱን ስለሆነ ነው። ስለ ሕጋቸው ሲወራ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፦ ለኅሊና የተተወው ጥብቅ ሕግ ይመስላል፣ ጥብቁ ደግሞ በቸልታ ይታለፋል።

«ቡና የማይጠጡት ካፌይን ስላለበት ነው»

እንዲያ ቢሆን ኮካኮላም ይከለከል ነበር። ክልከላው የመጣው «የጥበብ ቃል» ከሚባለው ትምህርት ነው። የቤተክርስቲያኒቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1833 ኦሃዮ ውስጥ በከርትላንድ ተገለጠልኝ ያለው ነው። ካፌይን የሚል ቃል የለበትም። «ትኩስ መጠጦች» ይላል፤ ቤተክርስቲያኒቱም ቡናና ሻይ ማለት ነው ብላ አጽንታዋለች። ቤተክርስቲያኒቱ የምታስተዳድረው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ከ2017 ጀምሮ ካፌይን ያለው ለስላሳ በግቢው ይሸጣል።

«ትኩስ» ስለተባለ ነገሩ የሙቀት የሚመስላቸውም አሉ። ትኩስ ወተት፣ አጥሚት፣ ካካዎ ችግር የለበትም፤ በበረዶ የቀዘቀዘ ቡና ግን አይጠጣም። አረንጓዴ ሻይም ከጥቁሩ ጋር ከአንድ ተክል ስለሚለቀም ያው ነው።

ሐበሻ ቤት የሚፈጠረው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እንግዳው ቡናውን ሲመልስ ባለቤቷ በደግነት «እንግዲያው ሻይ ይምጣልህ» ትላለች። ሻዩም ያው ክልክል ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ብቻቸውን ፈልተው ከሆነ ይጠጣል፤ ጀበናው ወይም በራዱ ውስጥ ግማሽ ማንኪያ የሻይ ቅጠል ከገባ ግን አይሆንም። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ አይነኩም፤ ያልተብላላ ብርዝ ግን ይቻላል። ቡናው ሲቆላ አብሮ መቀመጥን፣ ጭሱን ማሽተትን፣ ፈንዲሻና ቆሎ መቆርጠምን የሚከለክል ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ጎረቤት ሞርሞን ስለሆነ ከቡና ጥሪ ማስቀረት ያሳዝናል፤ ሳያስፈልግ ይርቃል።

«ቤተክርስቲያኑ ደመወዛቸውን ይቆጣጠራል»

አሥራት ማለት ከገቢ አንድ አሥረኛ ነው። ግብር ከመቆረጡ በፊት ይሁን በኋላ የሚወስነው ከፋዩ ራሱ ነው። የደመወዝ ደብተር ወይም የባንክ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። በዓመቱ መጨረሻ ወራት እያንዳንዱ አባል ከኤጲስ ቆጶሱ ጋር ተቀምጦ ሙሉ አሥራት ከፍያለሁ፣ በከፊል ነው ወይም አልከፈልኩም ብሎ ይናገራል፤ ቃሉ ይታመናል። ገንዘቡን የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎች አብረው ሆነው ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥርም። ያልከፈለ አባል ከጉባኤ አይባረርም፣ ቁርባንም አይከለከልም። የሚቀርበት ቤተመቅደስ (ከእሁድ መሰብሰቢያው የተለየ ቅዱስ ሕንፃ) የሚያስገባው ፈቃድ ነው፤ ይህ ፈቃድ ከሁለት መሪዎች ጋር ለየብቻ ቃለ መጠይቅ ተደርጎ ለ2 ዓመት የሚሰጥ ነው።

«ኤጲስ ቆጶስ» ሲባል መነኩሴና ጳጳስ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። እዚህ የአንድ አጥቢያ መሪ ነው፦ ሚስት ያገባ፣ በሳምንቱ ቀናት ሒሳብ ሠራተኛ ወይም አስተማሪ ሆኖ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው። ለአገልግሎቱ ደመወዝ አይከፈለውም፣ ከአሥራቱም ምንም አይደርሰውም።

«አስማት ያለበት ልብስ ይለብሳሉ»

በቤተመቅደስ ቃል ኪዳን የገቡ አዋቂዎች ከልብሳቸው ሥር የሚለብሱት ቀላል የውስጥ ልብስ አለ፤ ቃል ኪዳናቸውን እንዲያስታውሱበት ነው። ልጆችና በቅርቡ የተጠመቁ አይለብሱትም። ለዋና፣ ለስፖርት ወይም ለመታጠብ ይወልቃል። ለእነሱ ቅዱስ ነገር ነው፤ በመሥሪያ ቤት ቀልድ ሊደረግ አይገባም።

«ደም አይወስዱም፤ ብዙ ሚስት ያገባሉ»

ደም ባለመውሰድ የሚታወቁት የይሖዋ ምሥክሮች ናቸው፤ ሞርሞን ይወስዳል፣ ውሳኔው የታካሚውና የሐኪሙ ነው። ከአንድ በላይ ማግባትን የወቅቱ መሪ ዊልፎርድ ውድራፍ በ1890 ባወጣው መግለጫ ቤተክርስቲያኒቱ መተው ጀመረች፤ ዛሬ የሚያደርገው አባልነቱን ያጣል። አሁንም የሚያደርጉት ተገንጥለው የወጡ ቡድኖች ናቸው።

«ጾማቸው ቀላል ነው፣ በወር አንዴ»

ቀኑ አንድ መሆኑ እውነት ነው፦ የወሩ መጀመሪያ እሁድ። ጾሙ ግን ከፍስክ ምግብ መከልከል አይደለም፤ እህልም ውሃም የለም። ተከታታይ ሁለት ማዕድ ይታለፋል፣ በጠቅላላው ወደ 24 ሰዓት። ቅዳሜ ማታ ራት ከበሉ በኋላ ቁርስና ምሳ ተዘልሎ እሁድ ማታ ይፈታል። እሁድ እህል ውሃ ተከልክሎ በማይዋልበት በተዋሕዶ ሥርዓት ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እሁድ ምሳ ጋብዞ እንግዳው ሳይቀምስ ሲቀር ቅር የሚለውም ለዚህ ነው። የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ትንንሽ ልጆች አይገደዱም።

አባላቱ ራሳቸው የሚስቱበት ሌላ ቦታ አለ። ቁርስ ብቻ መዝለል ጾም አይባልም። ሁለቱን ማዕድ ዘልሎ ዋጋቸውን ኪስ ውስጥ ማስቀረትም ጾሙን ጎዶሎ ያደርገዋል። የታለፈው ምግብ ዋጋ፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ፣ «የጾም መባ» ሆኖ ይሰጣል። በመስጫ ቅጹ ላይ ከአሥራት የተለየ መስመር አለው፤ አንዱ የሌላውን አይተካም። ኤጲስ ቆጶሱ ለተቸገረ ሰው የቤት ኪራይ፣ ምግብ ወይም መድኃኒት የሚሸፍነው ከዚህ ነው።

ይህ ገንዘብ አንዴ የኢትዮጵያን ስም ይዞ ተሰብስቧል። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ እሁድ ዕለት፣ ልዩ ጾም ጾሙ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ቀን ማዕድ ለረሃቡ እርዳታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።