የታመመ ሰው ያለበትን ቤት መደገፍ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚሠራ ይታወቃል። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፣ ገንዘብ ያዡ ብሩን ቆጥሮ ለቤተሰቡ ያስረክባል። ሰው ሲታመም ግን እንዲህ ያለ የተጻፈ ሥርዓት የለም። እርዳታው የለም ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከለቅሶው ይበልጣል። ግን ከጥየቃ፣ ከመዋጮ፣ ከዕቁብ፣ ከጤና መድኅን ደብተርና ከወረዳ ደብዳቤ እየተለቃቀመ የሚመጣ ነው። ለመሞት የተደራጀነውን ያህል ለመታመም አልተደራጀንም።

ዳርቻ ሲባል አንድ ዓይነት ሰፈር አይደለም። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶና ጀሞ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ናቸው። አቃቂ የድሮ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ገላን ጉራ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከመሀል ከተማ በልማት የተነሱ ሰዎች የገቡበት ነው። ነዋሪው ከተለያየ ቦታ የመጣ ስለሆነ ጎረቤትነቱ ገና ትኩስ ነው። አንዳንዱ ሰው ዛሬም መዋጮውን የሚከፍለው ትቶት ለመጣው የድሮ ሰፈር ዕድር ነው። ታሞ ሲተኛ ግን በሩን የሚያንኳኳው የብሎኩ ሰው ነው።

ብዙው ቤት የሚተዳደረው ዕለት በዕለት በሚገኝ ገንዘብ ነው። የቀን ሥራ፣ ጉሊት፣ ባጃጅ፣ ጥበቃ፣ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ህመም የሚገባው በሁለት በር ነው። የታመመው ሰው ገቢ በዚያው ቀን ይቆማል። ከዚያ አስታማሚ ያስፈልገዋል፤ አስታማሚዋም ሥራዋን ትታ ሆስፒታል ትውላለች። የህክምናውን ወጪ ሁሉም ያወራል። ቤቱን ቀስ ብሎ የሚጎዳው ግን ይሄ የቆመው ገቢ ነው።

በቅጥር የሚሠራ ሰው ትንሽ ይሻለዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የህመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ አለው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ያልፋሉ፤ ጥቅሙ ሥራው እንዳይጠፋ ብቻ ነው። የሐኪም ወረቀት ግን ግድ ነው። ስሚንቶ የሚያቦካና አሸዋ የሚያወጣ የቀን ሠራተኛ ይሄን ሁሉ አያውቀውም። ለእሱ ያልሠራበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው።

ከወጪዎቹ ደግሞ መንገዱ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ህክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀመራል። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ያለ ሰው ሪፈር ሲባል ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይሄዳል፤ በቻይና እርዳታ የተሠራና በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሆስፒታል ነው። በየካ በኩል የካ ኮተቤ አለ። በዘነበወርቅ በኩል ደግሞ አለርት አለ፤ ለሥጋ ደዌ ህክምና የተቋቋመ ቢሆንም ዛሬ ለሁሉም ህመም ያገለግላል። ካንሰር ሲሆን መንገዱ ወደ ጥቁር አንበሳ ነው፤ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የጨረር ህክምና የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር። ኩላሊት ሲሆን እጥበቱ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነው። በሽተኛ ደግሞ በሚኒባስ ተጋፍቶ አይሄድም፤ ኮንትራት ይያዝለታል። ድንገተኛ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የከተማው እሳትና አደጋ በ939 ይጠራል።

እርዳታው የሚጀምረው በጥየቃ ነው። ብርቱካን ይያዛል፣ አጥሚት ይመታል፣ ሾርባ በፔርሙዝ ይሄዳል። «እግዜር ይማርህ» ይባላል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጣሉ። ሲወጡ ከትራስ ሥር ወይም ከአስታማሚዋ እጅ ውስጥ የተጠቀለለ ብር ይቀራል። ያቺ ብር ስም የላትም፤ ደብተር ላይም አትገባም። ለአስታማሚዋ ግን ማታ ወደ ቤት መመለሻዋ እሷ ናት። ሁለተኛው እንጀራ ነው። የአንደኛ ፎቋ ሴት ሰኞ፣ የሦስተኛ ፎቋ ረቡዕ ብለው ተራ የሚገቡባቸው ብሎኮች አሉ። ወጡ በምሳ ዕቃ ተከድኖ ይመጣል፤ ልጆቹ ለልመና አይወጡም።

ነገሩ ሲረዝም መዋጮ ይመጣል። የብሎኩ ኮሚቴ ወይም ሰው የሚሰማቸው አንዲት እናት ያነሱታል። ድሮ ደብተር ይዞ በር በር ማንኳኳት ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብዙው በስልክ ሆኗል፤ ቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ የላኩበት ደረሰኝ ይለጠፋል። የሃምሳ ሎሚውን ተረት ሳይጠቅስ የሚጀምር የመዋጮ መልእክት እስካሁን አልደረሰኝም። የአንድ ብሎክ ደብተር ግን አይቻለሁ። ሁለት መቶ፣ መቶ፣ አምስት መቶ ብር ይላል፤ ዝቅ ብሎ «ዘይት 1 ሊትር»፣ «ሽንኩርት 2 ኪሎ»፣ ከዚያ አንድ መስመር ላይ «ልጆቹን ት/ቤት አደርሳለሁ» ተብሎ ከነፊርማው ተጽፏል። ከሁሉም ያች የመጨረሻዋ መስመር ትልቋ መዋጮ ትመስለኛለች።

ዕቁብ ሌላ መንገድ ነው። አባሉ ከታመመ ወይም ቤቱ ሰው ከታመመበት ዳኛው ሰብስቦ ያማክራል፣ ዕጣ የደረሰው ሰውም ተራውን ይለቅለታል። ሰውየው የሚያገኘው የራሱን ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ የተረጂነት ስሜት የለውም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው መዋጮ ከመለመን ዕቁብ ማስቀደምን የሚመርጠው። ክፍተቱ ሳምንታዊው ክፍያ አለመቆሙ ነው። ገቢ በሌለበት ቤት ዕቁብ መጣል ይከብዳል፤ ዋሱም ይጨነቃል።

ዕድሮችም እየተለወጡ ነው። መተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ለታመመ አባል የተወሰነ ብር የሚሰጡ ወይም ከተቀማጩ የሚያበድሩ አሉ። ብዙዎቹ ግን «ተቀማጩ የቀብር ነው» ብለው ይይዙታል። ይሄን ክፋት አድርጎ ማየት ልክ አይመስለኝም፤ ገንዘቡ ካለቀ የሚቀጥለውን ሟች የሚቀብረው ማነው? የጽዋ ማኅበርም አለ፣ በመስጊድ በኩል ዘካና ሰደቃም አለ። ፀበል የሚገቡ ሰዎች ለምሳሌ እንጦጦ አካባቢ ቤት ተከራይተው ይከርማሉ። ያም ኪራይና ስንቅ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይኖራል።

ወደ መንግሥት በኩል ስንመጣ ዋናው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ አዲስ አበባም ገባ። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። በዓመት አንዴ ይከፈላል፤ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይሸፍናል። ደብተሩ የሚሠራው ውል በተገባባቸው የመንግሥት ተቋማት ነው፤ ከጤና ጣቢያ ተነስቶ የሪፈር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። መዝለል አይቻልም። ሰው የሚማረረው «መድኃኒቱ የለንም፣ ውጭ ግዙ» ሲባል ነው። ያኔ ወደ ከነማ ወይም ወደ ቀይ መስቀል ፋርማሲ ይሮጣል፣ እዚያም ከጠፋ ወደ ግል። ደሞዝተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ትግበራው ሲንከባለል ዓመታት አለፉ። የቲቢና የኤችአይቪ ህክምና፣ ወሊድና ክትባት በመንግሥት ተቋም ያለ ክፍያ ናቸው።

ድንበርም አለ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ኑሮው ከአዲስ አበባ ጋር የተያያዘ ነው፤ መታወቂያውና የመድኅን ደብተሩ ግን ከሌላ አስተዳደር ነው። አስፋልት ተሻግረው ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች በየራሳቸው መስኮት ይሰለፋሉ።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የከተማ ሴፍቲኔት የሚባል የመንግሥት ድጋፍ ለድሃ ቤተሰቦች አለ። መሥራት ለሚችል የጽዳትና የአረንጓዴ ልማት ዓይነት ሥራ ይሰጣል። መሥራት ለማይችል ቀጥታ ድጋፍ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ለቆየ ድህነት እንጂ ባለፈው ሳምንት ለታመመ ባለባጃጅ አይደለም።

ወጪው ከሰፈር አቅም ሲያልፍ ነገሩ አደባባይ ይወጣል። የበሽተኛው ፎቶ ባነር ላይ ይታተማል፣ መኪና ላይ ሞንታርቦ ይጫናል፣ ወጣቶች ካርቶን ይዘው በመኪናዎች መሀል ይዞራሉ። አጭበርባሪ ስለበዛ ሰው መጠየቅ ጀምሯል፤ መጠየቁም ነውር አይደለም። የሐኪም ማስረጃው የማን ነው? የወረዳው ደብዳቤ አለ? ሂሳቡ በማን ስም ነው፣ ሲወጣ በስንት ሰው ፊርማ ነው? እነዚህን መመለስ የሚያስቆጣው ሰብሳቢ ያጠራጥራል። የበሽተኛው ክብርም አለ። ቁስሉን ገልጦ ፎቶ ካልለጠፍን ሰው አይሰጥም የሚል እምነት ሰፍኗል፤ እኔ አልወደውም።

ከባዱ ሦስተኛው ወር ነው። ግሩፑ ዝም ይላል፣ ጠያቂው ይሳሳል። አከራዩ የመጀመሪያውን ወር «ግድ የለም» ብሎ ነበር፤ አሁን በር ላይ ይቆማል። የሱቁ ዱቤ ሞልቷል። እዚህ ጊዜ ላይ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው፤ ይዞ የሚመጣውም ብር ላይሆን ይችላል። አንዱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ያሳድሳል። ሌላው ማታ ከታመመው ጋር ያድርና አስታማሚዋን ያስተኛታል። ጉሊት ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የምትሸጠው ሴት የጓደኛዋን መደብ ከራሷ ቲማቲም አጠገብ ትዘረጋለች። ለሁለቱም ትጠራለች፣ ለሁለቱም ትመዝናለች። ሲመሽ የራሷን ብር በመቀነቷ ትቋጥራለች፤ የጓደኛዋን በፌስታል ጠቅልላ ወደ ሆስፒታል ለሚሄድ ሰው ታቀብላለች።