የአንድ ዓመት የድኅረ ወሊድ ሜዲኬይድ ምንድን ነው?

ሜዲኬይድ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትና ክፍላተ ግዛቶች ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች በጋራ የሚከፍሉት የጤና መድን ነው። በአገሪቱ ከሚወለዱ አሥር ሕፃናት የአራቱን ያህል የወሊድ ወጪ ይሸፍናል፤ ከጥቁር እናቶች ወሊድ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን። በእርግዝና ምክንያት የተገኘው መድን ቀድሞ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ያህል ቆይቶ ይቋረጥ ነበር። በእኛ ልማድ ሲሰላ፣ ሴት ልጅ የወለደች እናት በ80 ቀን ክርስትና ሳታስነሳ መድኗን ታጣ ነበር ማለት ነው።

በ2021 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣ ሕግ ግዛቶች ጊዜውን ወደ 12 ወር እንዲያራዝሙ ፈቀደ። ግዴታ አይደለም፤ ያም ሆኖ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተቀብለውታል።

ለምን ዓመት? የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ ሲዲሲ ከ2017 እስከ 2019 በእርግዝና ሳቢያ የሞቱ እናቶችን መዝገብ ሲያገላብጥ፣ 53 በመቶው ያረፉት ከወሊድ ሳምንት በኋላ እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ገዳይ ከወሊድ ጋር የሚመጣው የልብ ጡንቻ መድከም ነው። ከወሊድ በኋላ እስከ አምስተኛው ወር ድረስ ሊጀምር ይችላል፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል፣ ጋደም ሲሉ ያፍናል። ሕፃን ስታባብል ያደረች እናት ድካም ነው ብላ ታልፈዋለች። ጥቁር ሴቶችን ከነጮች አብልጦ ያጠቃል። በ2023 ከ100 ሺህ ሕያው ልደት የጥቁር እናቶች ሞት 50.3፣ የነጮቹ 14.5 ነበር።

የማራዘሚያው ድንጋጌ ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል አይናገርም። ልዩነቱን የሚነካው ሞቱ የሚበዛበትን ወቅት ስለሚሸፍን ነው፤ ብልህነቱም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በዲቪ ለገቡ እህቶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የ1996 ሕግ ግሪን ካርድ ያላቸው ሜዲኬይድ ለማግኘት በአብዛኛው አምስት ዓመት እንዲጠብቁ ያደርጋል። የ2009 ሕግ ግን ግዛቶች ነፍሰ ጡሮችን ከዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ነጻ እንዲያደርጉ ፈቅዷል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተጠቅመውበታል።

መድን ብቻውን ሐኪምን አዳማጭ አያደርግም። ኮሌጅ የጨረሱ ጥቁር እናቶች ሁለተኛ ደረጃ ካላጠናቀቁ ነጮች ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ የሲዲሲ ጥናት አሳይቷል፤ ይህን ገቢ ወይም ትምህርት አይፈታውም። ካሊፎርኒያ ከጥር 2023 ጀምሮ በሜዲኬይድ ገንዘብ፣ ከእርግዝና እስከ አራስነት ከእናቲቱ ጎን ቆማ የምታግዝ የሠለጠነች ረዳት ክፍያ መሸፈን የጀመረችው ከዚሁ ችግር ተነሥታ ነው።